የጃፓን ከተማ ሳካይና የ22ቱ ሙታን ታሪክ

ከጃፓን ታላላቅ ከተሞች አንዷ ከኾነችው ከኦሳካ በስተ ደቡብ፥ በባሕር ዳር፥ ሳካይ የምትባል ጥንታዊት የነጋዴዎች ከተማ አለች። በ16ኛው መቶ ዓመት ባለጸጎች ነጋዴዎቿ ዙሪያዋን በውሃ ቦይ አጥረው፥ ከመካከላቸው በወጡ ሽማግሌዎች ምክር ራሳቸውን በራሳቸው ያስተዳድሩባት ነበር። በዚያ ዘመን ወንጌልን ለመስበክ ወደ ጃፓን የገባ አንድ የኢየሱሳውያን ካህንም አይቷት፥ ይህች ከተማ የኢጣሊያዋን ቬኒስን ትመስላለች ሲል ጽፏል። የፖርቱጋል ሰዎች በ1543 ጠመንጃን ወደ ጃፓን ካስገቡ በኋላ፥ ጠመንጃ መሥራትን ፈጥነው ከተማሩት ከተሞች አንዷ ሳካይ ናት፤ ዛሬም የሳካይ ቢላዋ በወጥ ቤት ባለሙያዎች ዘንድ ስሙ የተጠራ ነው። የሻይ ሥርዐት ታላቅ መምህር የነበረው ሴን ኖ ሪክዩ በ1522 የተወለደው በዚችው ከተማ ነው፤ እሱም በ1591 ጌታው ሂደዮሺ ስላዘዘበት በገዛ እጁ ሞተ።

እኛ ግን ዛሬ ስለ ሳካይ የምንጽፈው ስለ ንግዷና ስለ ሻይዋ አይደለም። በዚች ከተማ ወደብ 11 የፈረንሳይ መርከበኞች ተገደሉ፤ ከ8 ቀንም በኋላ በዚችው ከተማ ቤተ መቅደስ 11 የጃፓን ወታደሮች ስለዚሁ ነገር ሞቱ። ቍጥሩ እኩል ነው፤ እኩልነቱ ግን ከምን እንደ መጣ የሚያስረዳው ታሪኩ ራሱ ስለ ኾነ፥ ከመነሻው እስከ መጨረሻው እንተርከዋለን። ዓመቶቹን በኤውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን፤ ነገሩ የኾነባቸውን ዋና ዋና ቀኖች ግን ለአንባቢዎቻችን እንዲቀል በአገራችን አቈጣጠር እናመለክታለን።

የጃፓን ነገር ለኢትዮጵያ ሰው ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ወደዚያ አገር ተልከው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በሚለው መጽሐፋቸው ጽፈውታል፤ በዚያው በ1931 ለአገራችን የተሰጠው ሕገ መንግሥትም በ1889 ከወጣው ከጃፓን ሕገ መንግሥት ብዙ ነገር ወስዷል። የጃፓንን ሥልጣኔ የሚያደንቅ ሰው ግን ያ ሥልጣኔ ሲጀመር የተከፈለውን የደም ዋጋም ቢያውቅ መልካም ነው።

ጃፓን ከ200 ዓመት በላይ ደጇን ዘግታ ትኖር ነበር። ከኤውሮፓውያን ወገን በናጋሳኪ ወደብ ጥቂት የሆላንድ ነጋዴዎች ብቻ ሲቀሩ፥ ሌላው ኹሉ መግባት ተከልክሎ ነበር። በ1853 ግን የአሜሪካው የባሕር ኀይል አዛዥ ፔሪ 4 የጦር መርከቦች ይዞ መጣና ደጁን አንኳኳ። በ1858 ደግሞ አገሩን በንጉሠ ነገሥቱ ስም የሚገዛው ሾጉን ከአሜሪካ፥ ከሆላንድ፥ ከሩሲያ፥ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ጋራ የንግድ ውል ፈረመ። በውሉም መሠረት ወደቦች ለውጭ ሰዎች ተከፈቱ፤ የውጭ ሰው ቢበድልም በአገሩ ቆንስል ፊት እንጂ በጃፓን ዳኛ ፊት እንዳይቀርብ ተወሰነ።

ሳሙራይ የሚባለው ወገን፥ ማለት ከአባቱ የወረሰውን ወታደርነት ይዞ ለመስፍኑ የሚያድር ጨዋ፥ ኹለት ሰይፍ በወገቡ ሻጥ አድርጎ የሚሄድ ነበር፤ ለክብሩም ከሕይወቱ ይልቅ ይሣሣ ነበር። የመስፍን ሰልፍ በመንገድ ሲያልፍ ሕዝቡ ከመንገድ ወጥቶ ይሰግዳል፤ ሰልፉን አቋርጦ ማለፍ ከታላላቆቹ ድፍረቶች አንዱ ነበር። ከመርከብ የወረደው የውጭ አገር መርከበኛ ደግሞ ይህን ሥርዐት አያውቅም፤ ብዙ ወራት በባሕር ላይ ቈይቶ መሬት በረገጠ ጊዜ የሚመኘው ተዘዋውሮ ማየትና መጠጣት ነው። እነዚህ ኹለት ዐይነት ሰዎች በአንድ ጠባብ መንገድ ላይ ተገናኙ፤ በመካከላቸውም አስተርጓሚ አልነበረም።

ደም መፍሰስ የጀመረው ወዲያው ነው። በ1859 በዮኮሐማ የሩሲያ መርከበኞች በሰይፍ ተቈርጠው ሞቱ። በ1862 ደግሞ ናማሙጊ በምትባል መንደር አንድ ሪቻርድሰን የሚባል እንግሊዛዊ ነጋዴ ከሦስት ጓደኞቹ ጋራ በፈረስ ሲሄድ፥ የሳትሱማን መስፍን አባት ሰልፍ አገኘ፤ ከፈረሱ ሳይወርድም ወደ ሰልፉ መካከል ስለ ገባ ሳሙራዮቹ ቈርጠው ገደሉት፤ ኹለቱ ጓደኞቹ ቈሰሉ፥ አብራቸው የነበረችው ሴት አመለጠች። የእንግሊዝ መንግሥት ከሾጉኑ 100,000 ፓውንድ፥ ከሳትሱማ 25,000 ፓውንድ ካሣ ጠየቀ፤ ሳትሱማ እንቢ ባለ ጊዜም በ1863 የእንግሊዝ መርከቦች ዋና ከተማውን ካጎሺማን በመድፍ ደበደቧት፥ ከከተማዪቱም ብዙው ክፍል ተቃጠለ። የሚያስደንቀው ግን ከዚህ በኋላ የመጣው ነው፤ ሳትሱማዎች ካሣውን ከፍለው ከእንግሊዝ ጋራ ተወዳጁ፥ በ1865ም ልጆቻቸውን ለትምህርት ወደ ለንደን ሰደዱ።

በ1867 በናጋሳኪ «ኢካሩስ» ከሚባለው የእንግሊዝ የጦር መርከብ የወረዱ ኹለት መርከበኞች በሌሊት ተገድለው ተገኙ። ጥርጣሬው ኹሉ ቶሳ ከሚባለው ግዛት በመጡ ሰዎች ላይ ወደቀ፤ የእንግሊዝ መልክተኛ ሰር ሃሪ ፓርክስም ቶሳዎችን አጥብቀው ከሰሱ። በኋላ ግን ገዳዩ የፉኩኦካ ግዛት ሰው መኾኑ ታወቀ። ይህን የቶሳን ስም አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ወደ ፊት ይመለስብናልና።

በ1868 መጀመሪያ ላይ ሾጉኑ በጦርነት ተሸንፎ ወደቀ፥ የ15 ዓመት ልጅ የነበሩት ንጉሠ ነገሥት ሜይጂ መንግሥቱን ያዙ። በዚያው ሰሞን ከኦሳካ አጠገብ ያለው የሂዮጎ ወደብ ለውጭ ሰዎች ተከፍቶ፥ ኮቤ በሚባለው መንደር የውጭ ሰዎች መኖሪያ ተከለለላቸው። ጥር 27 ቀን 1860 ዓ.ም. የቢዜን ግዛት ወታደሮች በኮቤ በኩል ሲያልፉ፥ የፈረንሳይ መርከበኞች ሰልፉን ሊያቋርጡ ሞከሩ። ወታደሮቹ በጦር መለሷቸው፥ ቀጥሎም ወደ ውጭ ሰዎች መኖሪያ ተኰሱ። ጥቂት ሰዎች ቈሰሉ እንጂ የሞተ ሰው አልነበረም። ይህም ኾኖ የውጭ አገር ወታደሮች ከመርከባቸው ወርደው ኮቤን ያዙ፥ በወደቡ የነበሩትንም የጃፓን መርከቦች ማረኩ። ገና አንድ ወር እንኳ በሚገባ ያልቈመው አዲሱ መንግሥት ከሾጉኑ ወገን ጋራ እየተዋጋ ከኤውሮፓ ጋራ ሊዋጋ አይችልም፤ ስለዚህ የቀድሞውን ውል ኹሉ እንደሚያከብር ለመልክተኞቹ አስታወቀ፥ እንዲተኰስ ያዘዘውን ሹምም ሊቀጣ ተስማማ።

ያ ሹም ታኪ ዜንዛቡሮ ይባላል። የውጭ መንግሥታት መልክተኞች ምሕረት ይደረግለት ወይስ ይሙት ብለው በተማከሩ ጊዜ፥ ምሕረትን የወደዱ ነበሩ፤ የሚበዙት ግን ይሙት አሉ። የካቲት 24 ቀን በሌሊት፥ በሂዮጎ ባለው በኤይፉኩጂ ቤተ መቅደስ፥ የጃፓንና የውጭ አገር ምስክሮች ፊት ለፊት ተቀምጠው ሳሉ፥ ታኪ ያዘዝኹ እኔ ብቻ ነኝ ብሎ ተናግሮ በአገሩ ሥርዐት ራሱን ገደለ። ከምስክሮቹ አንዱ የነበሩት እንግሊዛዊው ሚትፎርድ ያዩትን በ1871 ባሳተሙት መጽሐፍ ስለ ተረኩት፥ የኤውሮፓ ሰው ስለዚህ ሥርዐት ያወቀው ይበልጡን ከዚያ መጽሐፍ ነው። አንድ ሰው እንኳ ባልሞተበት ነገር አንድ ሰው ሞተ። ከዚህ ሌሊት እስከ ሳካይ ደም 6 ቀን ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ሳካይ እንሂድ። ከኦሳካ ወደ ደቡብ የሚወርደው ሐንካይ የሚባለው አሮጌ ትራም የያማቶን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ሳካይ ይገባል። መንገደኛ ወንዙን ሲሻገር መስኮቱን ቢመለከት መልካም ነው፤ ነገሩ የተጀመረው በዚህ ወንዝ ድልድይ ላይ ነውና። የካቲት 30 ቀን 1860 ዓ.ም.፥ ይኸውም በኤውሮፓ አቈጣጠር ማርች 8 ቀን 1868፥ «ቬኑስ» የምትባል የፈረንሳይ መርከብ አዛዥና አንድ የቆንስላ ሹም ከኦሳካ በእግር ወደ ሳካይ ሲሄዱ፥ ከተማዪቱን እንዲጠብቁ የታዘዙት የቶሳ ወታደሮች በያማቶ ድልድይ ላይ አቈሟቸው። ፈረንሳዮቹ በውሉ መሠረት ለመሄድ መብት አለን ይላሉ፤ ወታደሮቹ ግን ከበላይ አንድም ማስታወቂያ አልደረሰንም አሉ፥ መለሷቸውም። ወታደሮቹ የተናገሩት እውነት ነበር፤ በኦሳካ የነበረው የውጭ ጕዳይ ሹም እንግዶች እንደሚመጡ አላስታወቃቸውም።

በዚያው ቀን «ዱፕሌክስ» ከምትባለው የፈረንሳይ የጦር መርከብ የተላከች ጀልባ የባሕሩን ጥልቀት እየለካች ወደ ሳካይ ወደብ ገባች። በመንገድ የተመለሱትን ሰዎች በሳካይ ልትጠብቃቸው ነበር፤ እነሱ እንደ ተመለሱ ግን ጀልባዪቱ አላወቀችም። ከመርከበኞቹም አንዳንዶቹ ወርደው በከተማው ይዘዋወሩ ጀመር።

ከዚህ በኋላ የኾነውን ኹለቱ ወገኖች ለየብቻ ይተርኩታል። ጃፓኖች እንዲህ ይላሉ፤ መርከበኞቹ ወደ ቤተ መቅደሶችና ወደ ሰው ቤት እየገቡ ሕዝቡን አስደነገጡ፤ ወታደሮቹ ወደ ጀልባችኹ ተመለሱ ብለው በምልክት ቢነግሯቸው አልሰሙም፤ አንዱም የቶሳን ባንዲራ ነጥቆ ሮጠ፤ ባንዲራውን የያዘው ሰው ተከትሎ መታው፤ ከጀልባውም በሽጕጥ ስለ ተኰሱ ወታደሮቹ መለሱላቸው። ፈረንሳዮች ደግሞ እንዲህ ይላሉ፤ ሰዎቻችን በሰላም ሥራቸውን ሲሠሩ ምንም ሳይበድሉ በድንገት የጠመንጃ እሩምታ ወረደባቸው። ኹለቱም ወገኖች የሚስማሙበት ነገር አንድ ነው፤ ሚኖውራ ኢኖኪቺና ኒሺሙራ ሳሄይጂ የሚባሉ ኹለት የቶሳ የጭፍራ አለቆች አዘዙ፥ ወታደሮቹም ተኰሱ፤ የጀልባዪቱ አዛዥ የነበረው ወጣት መኰንን ጊዩ ሳይቀር 11 ፈረንሳዮች ሞቱ። አንዳንዶቹ በጥይት፥ አንዳንዶቹ ዘለው ወደ ባሕር ገብተው ሞቱ፤ ሬሳቸውም ከውሃ ተፈልጎ ወጣ።

የፈረንሳይ መልክተኛ ሙሴ ሊዮን ሮሽ ለጃፓን መንግሥት ጥያቄያቸውን አቀረቡ። አዛዦቹና የተኰሱት ወታደሮች በገደሉበት ስፍራ በሞት ይቀጡ፤ ለሟቾቹ ቤተ ሰብ 150,000 ዶላር ይከፈል፤ ከንጉሠ ነገሥቱ ቤት አንድ ልዑልና የቶሳ መስፍን ራሱ ወደ ፈረንሳይ መርከብ መጥተው ይቅርታ ይጠይቁ፤ የቶሳ ወታደርም መሣሪያ ይዞ ለውጭ ሰዎች በተከፈቱት ወደቦች ከእንግዲህ አይገኝ አሉ። መንግሥቱ ኹሉን ተቀበለ። ኹለቱን ወገን በአንድነት አስቀርቦ፥ ባንዲራው ተነጥቆ እንደ ኾነና መጀመሪያ የተኰሰ ማን እንደ ኾነ የመረመረ ዳኛ ግን አልተሠየመም።

የቶሳ ሹማምንት ወታደሮቻቸውን ሰብስበው ማን ማን እንደ ተኰሰ ጠየቁ። 29 ሰዎች ተኵሰናል ብለው አመኑ። እንዲሞቱ የተወሰነው ግን 20 ሰዎች ነበሩ። አራቱ አለቆች ያለ ዕጣ ተቈጠሩ፤ የቀሩት 16ቱ ከ25 ወታደሮች መካከል በዕጣ ይለዩ ተባለ። ዕጣው የወጣው በኦሳካ በቶሳዎች ግቢ በነበረው በኢናሪ ቤተ መቅደስ ፊት ነው፤ ያ ቤተ መቅደስ ዛሬም ቶሳ ኢናሪ እየተባለ በኦሳካ አለ፥ ሰዎችም የቼሪ ዛፎች ሲያብቡ አበባውን ለማየት ይሄዱበታል። አንድ ዐይነት ትእዛዝ ተቀብለው አንድ ዐይነት ነገር ካደረጉት ወታደሮች ዘጠኙን ወደ ሕይወት፥ ዐሥራ ስድስቱን ወደ ሞት የለየ አንዲት ቍራጭ ወረቀት ብቻ ነበረች።

ዕጣው የወጣባቸው አብዛኞቹ ዝቅተኛ እግረኛ ወታደሮች ነበሩ። እነሱም እንደ ወንበዴ አንገታችን አይቈረጥ፥ የታዘዝነውን ፈጽመን ጥፋት ከተባለ እንደ ሳሙራይ በገዛ እጃችን እንሙት ብለው እንደ ለመኑና እንደ ተፈቀደላቸው ይተረካል። ለአንድ ጃፓናዊ ወታደር ኹለቱ ሞቶች እጅግ የተለያዩ ነበሩ፤ የመጀመሪያው ውርደት ነው፥ ለልጆቹም ስድብ ኾኖ ይቀራል፤ ኹለተኛው ግን ሐራኪሪ የምንለው ሲኾን፥ ስሙን አንጽቶ የሚሄድበት መንገድ ነው። የእኛ አንባቢ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ የሳካይ ደም ከፈሰሰ ከ36 ቀን በኋላ፥ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፥ ዐፄ ቴዎድሮስ በእንግሊዝ ጦር ላለመማረክ በመቅደላ አምባ ላይ በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን አሳልፈዋል። ኹለቱ ነገሮች አይገናኙም፤ ነገር ግን በአንድ ዓመት፥ በኹለት የተራራቁ አገሮች፥ የኤውሮፓ መርከብ ባመጣው ጦር ፊት ክብር ምን ያህል ውድ እንደ ነበረ ያሳያሉ።

ትራሙ ከሚቈምባቸው ስፍራዎች አንዱ «ሚዮኮኩጂ ማኤ» ይባላል፤ ከሚዮኮኩጂ ፊት ማለት ነው። ከዚያ ወርዶ ጥቂት በእግር የሄደ ሰው ወደ ሚዮኮኩጂ ቤተ መቅደስ ይደርሳል። ይህ ቤተ መቅደስ በ1562 የተመሠረተ ነው፤ በ1945 የአሜሪካ አይሮፕላኖች ሳካይን በእሳት በደበደቡ ጊዜ ተቃጥሎ፥ ዛሬ የሚታየው ዋናው አዳራሽ ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። በግቢው ውስጥ ግን ከቃጠሎው የተረፈ አንድ ነገር አለ። እሱም ጃፓኖች ሶቴትሱ የሚሉት፥ ቅጠሉ ዘንባባ የሚመስል፥ ግንዱ ከብዙ ስፍራ ተከፋፍሎ የወጣ ትልቅ ዛፍ ነው። ዕድሜው ከ1,100 ዓመት በላይ ነው እየተባለ ይነገራል፥ መንግሥትም በሕግ ይጠብቀዋል። ኀይለኛው መስፍን ኦዳ ኖቡናጋ ይህን ዛፍ ነቅሎ ወደ አዙቺ ግንቡ ወሰደው፤ ዛፉ ግን በየሌሊቱ ወደ ሳካይ እመለስ ዘንድ እወዳለሁ እያለ ስላለቀሰ፥ ኖቡናጋ ፈርቶ መለሰው ይላል የአገሩ ተረት። የሳካይ ልጆች ይህን ተረት ከአያቶቻቸው እየሰሙ ያድጋሉ።

መጋቢት 8 ቀን በዚህ ግቢ መጋረጃ ተዘረጋ። በአንድ ወገን የጃፓን ሹማምንት፥ በሌላው ወገን የ«ዱፕሌክስ» አዛዥ ካፒቴን ቤርጋስ ዱ ፔቲ ቱዋር መሣሪያ ከያዙ ወታደሮቹ ጋራ ተቀመጡ። 20ዎቹ ሰዎች በተራ ተጠሩ። መጀመሪያ የወጣው የ25 ዓመቱ አለቃ ሚኖውራ ነበር፤ ፈረንሳዮቹንም በቍጣ ቃል ተናግሮ ሞተ ይባላል። ይህ ገጽ በቤተ ሰብ መካከል የሚነበብ ስለ ኾነ የኾነውን በዝርዝር አንጽፍም፤ አንዱ ከአንዱ በኋላ፥ ያለ ልመናና ያለ ለቅሶ፥ 11 ሰዎች እንደ ሞቱ መናገር ይበቃል። ዐሥራ ኹለተኛው ሃሺዙሜ አይሄይ ተጠርቶ በስፍራው ከተቀመጠ በኋላ፥ ካፒቴኑ ተነሥቶ ይብቃ አለ።

ስለ ምን ይብቃ አለ? በዚህ ነገር ብዙ ተጽፏል። በጃፓን የሚወደደው ትረካ ፈረንሳዮች ያዩት ጀግንነት አስደንግጧቸው መቀመጥ አቃታቸው ይላል። ስመ ጥሩው ደራሲ ሞሪ ኦጋይም በ1914 «የሳካይ ነገር» የሚል ትረካ ጽፎ፥ በዚያ ስፍራ ላይ የፈረንሳይ መልክተኛ ተቀምጠው ሲደነግጡ አሳይቷል፤ ነገር ግን በስፍራው የነበረው ካፒቴኑ እንጂ ሙሴ ሮሽ አልነበሩም። ሌላው ደራሲ ኦኦካ ሾሄይ ከብዙ ዘመን በኋላ ኦጋይን ስለዚህ ትረካ አጥብቆ ነቀፈው፥ እሱም የሳካይን ነገር እንደገና መርምሮ ሌላ ትልቅ መጽሐፍ ጻፈ። የካፒቴኑ ምክንያት ግን ከዚህ የተለየ ነበር ይባላል፤ ቀኑ መሽቶ ነበርና በጨለማ ወደ መርከብ መመለስ ለሰዎቹ አስጊ ነበር፤ ደግሞም የሞቱት ጃፓኖች ቍጥር ከሞቱት ፈረንሳዮች ቍጥር ጋራ ተካክሏል። ይህን የሰሙት እንግሊዛዊው ኧርነስት ሳቶው ግን አዘኑ። የ20ዎቹ ጥፋት አንድ ዐይነት ከኾነ፥ ነፍስን በነፍስ ቈጥሮ 11 ላይ ማቈም ከፍርድ ይልቅ በቀልን ይመስላል ብለው ጽፈዋል።

እኛም በዚህ ላይ ቈም ብለን ማሰብ ይገባናል። ካፒቴኑ 9 ነፍስ አተረፈ፤ ይህ መልካም ሥራ ነው፥ ማንም አይነቅፈውም። ነገር ግን ሲጀመር ፍርድ ተብሎ የተጀመረው ነገር ሲጨረስ ሒሳብ ኾኖ ተገኘ። ዐሥራ አንደኛው ሰውና ዐሥራ ኹለተኛው ሰው በጥፋት አይለያዩም፤ አንደኛው ቀድሞ ተጠራ፥ ኹለተኛው ዘግይቶ ተጠራ፥ ልዩነታቸው ይህ ብቻ ነው። ሃሺዙሜም ይህን በልቡ ሳያስበው አልቀረም። ጓደኞቹ ሞተው እሱ በመትረፉ አፍሮ፥ ወደ ኦሳካ ሲወስዱት ምላሱን ነክሶ ሊሞት እንደ ሞከረ ይተረካል።

ዘጠኙ ወደ ቶሳ ተመልሰው በግዞት ተቀመጡ። ከመካከላቸው አንዱ በግዞት ሳለ ሞተ፤ የቀሩት በዚያው ዓመት የንጉሠ ነገሥቱ በዓለ ንግሥ ሲከበር በተደረገው ምሕረት ተፈቱ።

ከሚዮኮኩጂ አጠገብ ሆጁኢን የሚባል ትንሽ ቤተ መቅደስ አለ። የ11ዱ የቶሳ ሰዎች መቃብር በዚያ በአንድ ረድፍ ተደርድሮ ይታያል፥ የአገሩም መንግሥት እንደ ታሪክ ቅርስ ይጠብቀዋል። ለ20ዎቹ ኹሉ ሬሳቸው የሚገባበት ትልልቅ እንስራ ተሰናድቶ ስለ ነበረ፥ ዘጠኙ እንስራ ባዶውን ቀረ። የሳካይ ሕዝብም መቃብሮቹን «የተቈጩት» እያለ በአክብሮት ይሳለማቸው ነበር፤ ባዶዎቹን እንስራዎች ደግሞ «የመትረፍ ዕድል» ብሎ ሰየማቸው፥ ዕድል የፈለገ ሰውም ወደ ውስጣቸው ገብቶ ይወጣ ነበር። የሹማምንት ጽሑፍ ጀግና ወይም ጥፋተኛ ይላል፤ ሕዝቡ ግን የሟቾቹን ቍጭት፥ የተረፉትንም ዕድል አስታወሰ።

ፈረንሳዮቹን ለማየት ግን ወደ ኮቤ መሻገር ያስፈልጋል። ኮቤ ከሳካይ በባሕሩ ወሽመጥ ማዶ ናት፤ መንገደኛው በኦሳካ በኩል ዞሮ በባቡር ይደርሳል። በከተማው መካከል በሳንኖሚያ ቤተ መቅደስ በር ላይ፥ የቢዜን ወታደሮች የተኰሱበትን ቀን የሚያስታውስ ድንጋይና አንድ አሮጌ መድፍ ቆመዋል። ታኪ ዜንዛቡሮ የሞተበት ኤይፉኩጂ በጦርነቱ ጊዜ ስለ ጠፋ፥ የመታሰቢያው ድንጋይ ኖፉኩጂ ወደሚባለው ቤተ መቅደስ ተወስዷል። የሳካይ ሟቾች ፈረንሳዮች በመጀመሪያ የተቀበሩት በባሕር ዳር በነበረው የውጭ ሰዎች መቃብር ነበር፤ በኋላ ከተማው እየሰፋ ስለ ሄደ መቃብሩ ከከተማው በላይ ወዳለው ወደ ፉታታቢ ተራራ ተዛወረ። ዛሬ 11ዱ መርከበኞች ከብዙ አገር በመጡ ነጋዴዎች፥ ካህናትና ሕፃናት መካከል፥ በዛፍ በተከበበ ስፍራ በአንድ ሐውልት ሥር ይታሰባሉ።

ታሪኩን ከመጨረሳችን በፊት አንባቢ በልቡ እንዲይዘው የለመንነውን የቶሳን ስም እናንሣ። የሳካይ ቅጣት ከተፈጸመ ከ7 ቀን በኋላ፥ መጋቢት 15 ቀን፥ የውጭ መንግሥታት መልክተኞች በኪዮቶ ለንጉሠ ነገሥቱ እጅ ሊነሡ ሄዱ። የእንግሊዙ መልክተኛ ሰር ሃሪ ፓርክስ በመንገድ ሳሉ ኹለት ሰዎች ሰይፍ መዝዘው ሰልፋቸውን ወጉ፤ ብዙ ሰዎችም ቈሰሉ። በዚያን ጊዜ አብረዋቸው ከነበሩት የጃፓን ሹማምንት ኹለቱ ከፈረሳቸው ወርደው በሰይፍ ገጠሙ፥ ከወንበዴዎቹም አንዱን ገደሉ። ከኹለቱ አንዱ ጎቶ ሾጂሮ ነው፤ እሱም የቶሳ ሰው ነበር። ፓርክስ ትናንት በናጋሳኪ ነገር የከሰሱት የቶሳ ወገን ዛሬ ሕይወታቸውን አዳነ፤ ንግሥት ቪክቶሪያም ለጎቶና ለጓደኛው የክብር ሰይፍ ላኩላቸው። ፓርክስም ከ3 ቀን በኋላ ከንጉሠ ነገሥቱ ፊት ቀረቡ፤ ጃፓን የተከፈተው ደጅ እንዳይዘጋ የወሰነችው በእነዚህ ሳምንቶች ነው።

ስለዚህ አንድ ግዛት በሙሉ ክፉ ወይም ደግ አይባልም። በሳካይ የተኰሱት የቶሳ ሰዎች ከተማ ጠብቁ ተብለው የታዘዙ፥ እንግዳ ይመጣል ተብሎ ያልተነገራቸው ወታደሮች ነበሩ፤ የሞቱትም ፈረንሳዮች የባሕር ጥልቀት ለኩ ተብለው የተላኩ፥ ጓደኞቻቸው ከመንገድ እንደ ተመለሱ ያልተነገራቸው መርከበኞች ነበሩ። ውሉን የፈረሙት፥ ማስታወቂያውን ያልላኩት፥ ካሣውን የተደራደሩት ሰዎች ኹሉ በአልጋቸው ሲያርፉ፥ የ22ቱ ድኾች እናቶች ግን በፈረንሳይና በቶሳ ልጆቻቸውን አለቀሱ። አንዲት አጭር ደብዳቤ ከኦሳካ ወደ ሳካይ በጧት ደርሳ ቢኾን ኖሮ ወታደሮቹ እንግዶቹን ባልጠረጠሩ፥ ያች ጀልባም ጥልቀቱን ለክታ በተመለሰች ነበር።

ወደ ጃፓን የመሄድ ዕድል ያገኘ የአገራችን ሰው በሳካይ ያለውን መቃብር ቢያይ ወደ ኮቤ ተራራ መውጣትን እንዳይተው እንመክራለን፤ በኮቤም የጀመረ ወደ ሳካይ ይውረድ። አንዱን ብቻ ያየ ሰው ተበዳዩን ብቻ ያያል፤ ኹለቱን ያየ ግን 11 ሲደመር 11 ሃያ ኹለት መኾኑን ያስተውላል።